ደንገል ሞተች፤ የእናንተንም ውሾች ንገሩኝ

የሽምብጧ | ነሐሴ 16 ቀን 2014

ሰላም እንዴት ናችሁ። ደንገል ከትናንት ወዲያ ሌሊት ሞተች።

አሥራ ሁለት ዓመት ልትሞላ አንድ ወር ቀርቷት ነበር። ያገኘኋት በመስከረም 2003 ነው። ጣና በመስከረም እንደሚሆነው ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ፣ ውሃ ዳር በሚበቅለው ደንገል መሀል አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰንቅሮ አየሁ። አፉ በሲባጎ ታስሯል። ውስጡ የሆነ ነገር ይላወሳል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስፈታው አራት ቡችሎች ናቸው። ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛዋ ዓይኗ ገና አልተገለጠም። በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣት ሄድኩ።

ስሟም ከዚያው ወጣላት።

ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳሁ በሲሪንጅ ወተት አጠጣኋት። እናቴ «ልጄ፣ ይህች አትተርፍም፤ ራስሽን አትጉጂ» ትለኝ ነበር። በአሥረኛው ቀን ግራ ዓይኗን ገለጠች። ቀኙ እስከ ማግስቱ ቆየ። ያን ቀን ወተቱን ያሞቀችው እናቴ ራሷ ናት።

ቡና ስናፈላ ረከቦቱ አጠገብ ትተኛለች። አቦሉ ሲቀዳ አትንቀሳቀስም። ቶናው ሲቀዳም ያው ናት። በረካው ሲቀዳ ግን ተነስታ እግሬ ሥር ትቀመጣለች። ቆሎው የሚተርፈው ያኔ እንደሆነ ታውቃለች። ገብሱን ትበላለች። ሽምብራውን በምላሷ እየለየች ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከቡና በኋላ ምራቅ የነካው ሽምብራ ስለቅም ኖሬያለሁ።

ጅራፍ ትፈራ ነበር። ነሐሴ ገብቶ የሰፈር ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ብትለምኗት አትወጣም። ዘንድሮ ልጆቹ በራችን ላይ ሲያጮሁ እሷ ደጃፉ ላይ እንደተኛች ናት። ጆሮዋ እንኳ አልተነቃነቀም። መስማት አቁማ ነበር። ድሮ ምነው ባልፈራች እል ነበር። ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሌሊት ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ከቤት ኋላ ጉድጓድ ጀመረ። ክንድ ተኩል እንኳ ሳይወርድ ውሃ መጣ። ክረምት ነው፣ ሐይቁ ቅርብ ነው። ውሃ ውስጥ አልቀብራትም አልኩ። ከውሃ ነው ያወጣኋት። በባጃጅ ጭነናት የዓባይን ድልድይ ተሻገርን። ዓባይ ማዶ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አክስቴ ግቢ አላት፤ ዋንዛ ሥር ቀበርናት። ጅብ እንዳያወጣት ወንድሜ ደረቱ ድረስ ቆፈረ። ድንጋይ ደረደርን፣ እሾህ ደረብንበት።

ዛሬ ሰኞ መሥሪያ ቤት ዓይኔ አብጦ አይተው «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ውሻዬ ሞታ ነው አልኩ። «ውይ! እኔ ደግሞ ሰው መስሎኝ» አለችኝ አንዷ፣ ደህና ልጅ ናት፣ በክፋት አይደለም። ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ሰው ሞተ አላልኩም። ግን ለዚህ ሐዘን ለቅሶ አይደረስ፣ ዕድር የለው፣ ነፍስ ይማር አይባል። ጠያቂ ለሌለው ደም «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን። ከልብ ማለት በግዕዝ ውሻ ነው። ቃሉን ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ነው ያመመኝ።

ማታ ደግሞ ፍልሰታ ተፈታ። እናቴ ሥጋ ሠርታለች። በልተን ስንጨርስ አጥንቱን ሰብስቤ በሳህን ለብቻ አስቀመጥኩ። በሩ ድረስ ይዤው ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ።

እዚህ እንደ እኔ ከመንገድ አንስቶ ያሳደገ፣ ያስታመመ፣ የቀበረ እንዳለ አውቃለሁ። ስማቸውን ንገሩኝ። የት እንዳገኛችኋቸው፣ ከእናንተ ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገራቸውን ንገሩኝ።

ሰብለ | ነሐሴ 16

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህትዓለም። ማንም ካላለሽ ይኸው እኔ አልኩሽ።

የመሪጌታ ልጅ | ነሐሴ 16

ያጽናሽ እቴ። ሽምብራውን ሳነብ ልቤ ተነካ። የእኔን ነገ እጽፋለሁ፤ አሁን መብራት ሊጠፋ ነው መሰለኝ፣ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

ባለባጃጅ ዘፋሲሎ | ነሐሴ 17

የእኔ ሻምበል ይባላል። ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ስለሆነ ነው ሻምበል ያልኩት።

ኅዳር 2008 ቅዳሜ ገበያ አካባቢ መኪና ገጭቶት አስፋልቱ ዳር ወድቆ አገኘሁት። የኋላ ግራ እግሩ ተሰብሯል። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። «ይነክስሃል ተው» አሉኝ። ጃኬቴን አልብሼ ኋላ ወንበር ላይ ጫንኩት። አልነከሰኝም። እጄን ላሰኝ። እግሩ አልተረፈም፣ ተቆረጠ። በሦስት እግሩ ከእኔ ጋር አራት ዓመት ኖረ።

ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሰማያዊ ባጃጅ እንዳለ ታውቃላችሁ። በበራችን ቀኑን ሙሉ ሲያልፉ ዝም ነው የሚለው። የእኔን ግን ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለሁ ይለያታል። እናቴ «ሻምበል ተነሳ፣ እንጀራ አቅርቡ» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ሞተሩን አስቀይሬ መጣሁ። አልተነሳም። በር ላይ ስደርስ አየኝ፣ እኔንም ባጃጇንም አሸተተ፣ ከዚያ ባጃጇን ሦስት ጊዜ ዞራት። በነጋታው አዲሱን ድምፅ ለመደው።

ጥቅምት 2012 ሌሊት በሰፈሩ መርዝ ተጣለ። ማን እንደጣለው አልገባበትም። ለነዋሪው አስቀድሞ የተነገረ ነገር ግን የለም። ቢነገረን ኖሮ አስገባው ነበር። ማለዳ ስነሳ አረፋ እየደፈቀ ይንቀጠቀጣል። ጭኜው ወደ ሐኪም በረርኩ። መንገዱ ተጨናንቋል። ሰው እንዲለቅልኝ ክላክስ ሳደርግ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። ስተው ትንሽ ይለቀዋል። መልሼ ሳደርግ መልሶ ይደርቃል። አልገባኝም። ቶሎ ልድረስ ብዬ ይበልጥ ክላክስ አደረግኩ። ሳንደርስ ሞተ።

ይህን እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም። በዚያ መንገድ ሳልፍ አሁንም ክላክስ አላደርግም።

የከብት ሐኪሟ | ነሐሴ 17

ወንድምዓለም፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እንዲህ ተሸክመኸው እንዳትኖር ልንገርህ።

የገለጽከው የስትሪክኒን ምልክት ነው። ይህ መርዝ የሚሠራው ሰረሰር ላይ ነው። ጡንቻን «በቃህ» የሚለውን መልእክት ይዘጋዋል። ስለዚህ ድምፅም፣ ብርሃንም፣ ንክኪም ሰውነቱን በአንዴ ያኮማትረዋል። የሚገድለው መተንፈሻ ጡንቻዎቹ ስለሚቆለፉ ነው። ክላክሱ አልገደለውም። ክላክስ ባታደርግ ሌላ መኪና ያደርጋል፣ መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ፀሐይ ይወጣል። እንዲህ ያለ እንስሳ ጨለማና ጸጥታ ውስጥ ሆኖ ወዲያው ማስታገሻ መርፌ ካላገኘ መትረፉ ከባድ ነው። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። አንተ ያለህን ሰዓት በሙሉ ተጠቅመህበታል።

ሌሎቻችሁም ወተት ማጠጣት መርዙን ያረክሰዋል የሚባለውን ተዉት። የሚንቀጠቀጥ ውሻ አፍ ውስጥ ምንም አይፈስስም፣ ሳንባው ይገባል። በጨርቅ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ድምፅ ቀንሶ ማምጣት ነው።

ባለባጃጅ ዘፋሲሎ | ነሐሴ 17

እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ነብሮ ጣና | ነሐሴ 18

እኔ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። ጽሑፍ ብዙ አልችልም፣ እህቴ ናት የምትጽፍልኝ።

ዓሣ በምናወርድበት ዳርቻ ውሾችና አባ ኮዳዎች ለሆድ ዕቃው ይሻማሉ። አባ ኮዳ መንቁሩ እንደ ጦር ነው። አንድ ቡችላ ጀርባው ላይ ወግቶት ደሙ ሲፈስ አገኘሁ። ዥጉርጉር ነው። ነብሮ አልኩት። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩለት፤ ዳነ። ጠባሳው ላይ ፀጉር ግን አልበቀለም።

ታንኳ ላይ ይወጣ ነበር። የደንገል ታንኳ ለማያውቃት ትገለባብጣለች። እሱ መሀል ላይ ሆዱን አስተኝቶ፣ እግሩን አጥፎ ንቅንቅ አይልም። ቆሮሶ ስናወጣ አያይም። አምባዛ ስናወጣ ግን ያጉረመርማል። የአምባዛ ጢም ነው መሰለኝ የማይወደው።

ጉማሬ ሌሊት ለሣር ይወጣል። ዓባይ አፍ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጉማሬና ውሃው መሀል የገባ ሰው አለቀለት። አንድ ማታ መረብ ስጠግን ነብሮ ተነሳ። አልጮኸም። ሱሪዬን በጥርሱ ይዞ ወደ መንገዱ ይጎትተኝ ጀመር። ሄድኩለት። ጥቂት ቆይቶ ቁጭ ባልኩበት ቦታ ጉማሬው ሲያልፍ በዓይኔ አየሁ። ጠዋት ኮቴው መረቤ ላይ ነበር።

ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው። ውሃ ትጠጣና ትከብዳለች፣ ሌላ ይሠራል። አሮጌዋ ዳር ላይ ትጣላለች። ነብሮ ሲያረጅ የሚተኛው በአሮጌዋ ላይ ነበር። እዚያው ሞቶ አገኘሁት። እኔ ከነታንኳዋ ነው የቀበርኩት። አፈሩ ላይ ደንገሉን ደረብኩለት።

ሰብለ | ነሐሴ 18

ከነታንኳዋ! እኔ ይህችን ነገር አልረሳትም።

የይልማና ልጅ | ነሐሴ 18

እህቴ የሽምብጧ፣ ሐዘንሽን ለማቃለል አይደለም። ሁላችሁም ስትጽፉ እያነበብኩ ዝም ማለት ግን አቃተኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነበር። አዴት አካባቢ ነው ያደግነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባለቤት የሌለው ውሻ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነው። አባታችን ሥር የሚሰጥ ሰው ዘንድ ወሰደው፣ ጸበልም ተጠመቀ። ቁስሉ ደረቀ፣ ረሳነው። ከወር በላይ ቆይቶ ራሴን አመመኝ አለ። ከዚያ ውሃ መጠጣት አቃተው። ብርጭቆውን ሲያይ ጉሮሮው ይያዛል። እየጠማው። እናቴ ብርጭቆውን በነጠላዋ ሸፍና ልታጠጣው ትሞክር ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ስለዚህ እኔ ውሻ ሲባል የሚታየኝ ያ ብርጭቆ ነው። ከመንገድ የምታነሱ ሰዎች ልባችሁ መልካም ነው። ግን የጎረቤት ልጅ አለ። ይህንን አስባችሁበታል ወይ?

የሽምብጧ | ነሐሴ 18

ወንድሜ፣ ስለ ወንድምህ እግዚአብሔር ያጽናህ። ስንት ዓመት ቢያልፍም እንዲህ ያለው አይረሳም። ጥያቄህ ልክ ነው፣ አልከፋኝም።

ቁም ሳጥኔ ውስጥ የደንገል የክትባት ወረቀት አለ። የመጀመሪያው ታኅሣሥ 2003 ነው፣ ሦስት ወር ሲሞላት። ከዚያ በየዓመቱ። አንዱ ወረቀት ላይ እርጥብ እግሯን አሳርፋበት ምልክቱ ቀርቷል። እናቴ ያኔ «ፈረመች» አለች። የቤታችን በር ላይ የሚጫወቱ ልጆች ስላሉ አንድም ዓመት አልዘለልኩም።

የከብት ሐኪሟ | ነሐሴ 19

የይልማና ልጅ፣ እንኳን ጻፍከው። የእኛ ሥራ ግማሹ የወንድምህ ታሪክ እንዳይደገም ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ይቆማል። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ያ ከወር በላይ የቆየው ጊዜ እሱ ነው። በዚያ ውስጥ ክትባቱ ይቀድመዋል። ሉዊ ፓስተር በ1885 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ የተነከሰ ልጅ ሲከትብ የተጠቀመው ይህንኑ ፋታ ነው። ልጁ ተረፈ። ወንድምህ ላይ የሆነው የወላጆቻችሁ ጥፋት አይደለም። ቁስሉ ሲደርቅ ዳነ ብሎ ማሰብ ማንም የሚያስበው ነው።

ማንም ቢነከስ፣ ቢቧጨርም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ፣ 15 ደቂቃ ሲታጠቡት ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጸበሉንም ሂዱ፣ ክትባቱን ግን አታስቀሩ። ውሻ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚሸጋገርበት ያጣል። መርዝ ይህን አያደርግም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ይመጣል። ለሻምበል ያዘንኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ያ ውሻ ተከትቦ ከነበረ ለሰፈሩ ልጆች አጥር ነበር።

የእኔን ውሻ ሌላ ቀን። ዛሬ አቅም የለኝም።

እሙ ሐያት | ነሐሴ 19

አላህ ያጽናናሽ እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ውሻ ቤት አናስገባም። ሱቃችን በር ላይ ግን አንድ ነበር። ልጆቼ ጉርሻ አሉት። የራሱ ጣሳ ነበረው፣ የራሱ ካርቶን። ስምንት ዓመት ሱቁን ሲጠብቅ አንድ ሌሊት አልቀረም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ለልጆቼ የነገርኳቸው በእሱ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ጠምቶት ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ ውሻ ከጥማት የተነሳ እርጥብ አፈር ይልሳል። ተመልሶ ወረደ፣ ጫማው ውስጥ ውሃ ሞልቶ በአፉ ነክሶ ወጣና አጠጣው። አላህም ማረው። ታናሿ ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ የጉርሻ ጣሳ ጎድሎ አያውቅም። ከሞተም በኋላ ውሃ እየሞላች አገኘኋት። «ሌላም ይጠማዋል» አለችኝ።

የመሪጌታ ልጅ | ነሐሴ 20

መብራቱ ሦስት ቀን አስቆየኝ።

የእኛ ውሻ ስሙ ታምራት ነው። አባቴ ከደብሩ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ መዥገር ወርሮት አገኘው። አባቴ ውሻ የሚነካ ሰው አልነበረም። ግን በመቋሚያው እየደገፈ አወጣው።

አባቴ ለማኅሌት ሌሊት ይወጣል። ታምራት ይከተለዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ይቆማል። ማንም አላስተማረውም፣ ያን ደፍ አንድ ቀን አላለፈም። አጥሩ ሥር ተኝቶ እስኪነጋ ይጠብቃል። በዝናብም። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ እሱ ጭንቅላቱን የሚያነሳው የአባቴ መቋሚያ ድንጋይ ሲነካ ነው።

አባቴ ሲያርፍ በዚያው ደብር ተቀበረ። ታምራት ቀብሩን ሸኝቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላም ሌሊት ሌሊት እየሄደ እዚያው ያድራል። ጠዋት ብቻውን ይመለሳል። ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሳይመለስ ቀረ። ሄጄ ከአጥሩ ሥር አመጣሁት።

አባቴ በሕይወት ሳለ «ውሻ አቅፈህ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ ወይ» ብለው ሰዎች ሲናገሩት እንዲህ ይል ነበር፦ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሏቸዋል፤ ስም የለውም፣ ግን ተጽፏል። አልዓዛርንም ባለጸጋው ሳያየው ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው።

ዘጌ ቡና | ነሐሴ 21

የእኔ አጭር ናት። ቡቺ። ዘጌ በጀልባ መጥታ ወርዳ የቀረች ናት፣ ማን እንዳመጣት አይታወቅም። ቡና ሲቀላ ከጦጣ የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ዛፍ ላይ ያለውን እያየች አንገቷ የተጣመመ እስኪመስል ትውላለች። እባብ ነደፋት። አሁን ጦጣዎቹ እስከ ደጃፍ ይመጣሉ። እነሱን ባየሁ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች።

የሌሊት ጥበቃ | ነሐሴ 22

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ጥበቃ ነኝ። ኮሮና በገባበት በ2012፣ ሚያዝያ ላይ እንግዳ ጠፋ። ማዕድ ቤቱ ተዘጋ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ልኳንዳ ቤቶች ተዘግተው ነበር፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይህ መጣ። ከኋላ በር ትርፍራፊ የሚጠብቁ ሰባት ውሾች ነበሩ። መጀመሪያ ጠበቁ። ከዚያ መጮህ አቆሙ። የጎድን አጥንታቸው በጨለማ ይቆጠራል።

የእኔም ደመወዝ ግማሽ ሆኗል። አምስት ልጆች አሉኝ። ሰባቱን አልችልም። አንዷን መረጥኩ። ስትመርጥ ሌላውን መተውህ ነው። አሁንም እሱ ነው የሚከብደኝ። የመረጥኳት ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ነው። የዳጉሳ ቂጣ ከቤት እየያዝኩ እመጣለሁ፣ ግማሹን ለእሷ። እሷ ግማሹን በልታ ሌላውን በአፏ ይዛ ትሄዳለች። አንድ ሌሊት ተከተልኳት። ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ውሻ ነው የምታደርሰው።

ሚያዝያ አልኳት። አምና አረፈች። ሽማግሌው ከእሷ ቀድሞ ነው የሄደው።

ሰብለ | ነሐሴ 22

ጋሼ፣ ግማሽ ቂጣ ከአምስት ልጅ አፍ ላይ ነው የሰጡት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የሽምብጧ | ነሐሴ 26

ሁላችሁንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኳችሁ። ለእናቴም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ሚያዝያ» ላይ ስደርስ ተነስታ ወጣች።

አንድ ነገር አስቤ ነበር። የደንገል አርባዋ መስከረም 18 ነው። ትንሽ ድግስ ቢጤ ላደርግ ነበር። ምን ትላላችሁ?

የመሪጌታ ልጅ | ነሐሴ 26

እቴ፣ እንደ እህት ልንገርሽ። አርባ፣ ተዝካር ለሰው ነፍስ ነው። ለእሷ ካደረግሽው ሰው ይቀየማል፣ አንቺም ውስጥሽ ደስ አይልሽም። ሐዘንሽን ግን አትተዪው። ሌላ መንገድ ፈልጊለት።

የከብት ሐኪሟ | ነሐሴ 27

መስከረም 18 እኮ ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ፓስተር የሞተበት ዕለት ስለሆነ ነው የተመረጠው። መስቀል በዋለ ማግሥት ነው፣ አጥንት በየቤቱ ሞልቷል። ድግሱን በሕይወት ላሉት አድርጊው።

የይልማና ልጅ፣ እዚህ ካለህ ሰላም ነህ ወይ?

የይልማና ልጅ | ነሐሴ 29

አለሁ። እናቴ ግቢ አንድ ውሻ አላት፣ ለጅብ ብላ ነው ያሳደገችው። ተከትቦ አያውቅም። ስንት ዓመቱ እንደሆነም አይታወቅም። አሁን ቢከተብ ይሠራለታል?

የከብት ሐኪሟ | ነሐሴ 29

ይሠራለታል። ጤነኛ እስከሆነ ዕድሜ አይከለክለውም። ወረዳችሁ ካለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቅ። ስትወስደው አፉን በገመድ በቀስታ እሰርለት፣ የሚያውቀው ሰው ይያዘው። እናትህ ብትሄድ ጥሩ ነው።

የሽምብጧ | መስከረም 19 ቀን 2015

ትናንት አደረግኩት። ስም አልሰጠሁትም።

መስቀል ላይ ከጎረቤት ሁሉ አጥንት ለመንኩ። እናቴ በትልቁ ድስት ቀቀለችው፣ መረቁን ከዳጉሳ እንጀራ ጋር አሸን። የዶሮውን አጥንት ሐኪሟ ስለምትከለክል ለይተን ጣልነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜና እኔ በባልዲ ይዘን ወጣን። ደንገልን ያገኘሁበት ድረስ ሄድን። ሐይቁ ዘንድሮም እዚያው ሞልቷል፣ ደንገሉ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው።

አሥራ አንድ መጡ። ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆሙ። አንዲት አጥቢ ቀደመች። ሌሎቹ ተከተሉ። አልተናከሱም። አንዱ ግን አልቀረበም። ቢጫ ነው፣ ቀኝ ጆሮው ተቀዷል። ወንድሜ ቅልጥሙን ወረወረለት። አነሳው። እኛ እያየነው አልበላም። ይዞት ሄደ።

ቆሎም ይዤ ነበር። ሽምብራውን እዚያው ደንገሉ ሥር አፈሰስኩት።

ባለባጃጅ ዘፋሲሎ | መስከረም 19

ቢጫው፣ ቀኝ ጆሮው የተቀደደው? አውቀዋለሁ። ማታ ተመላሽ ሆኜ ስመጣ አያለሁ፣ በድልድዩ በዚህኛው በኩል ከወፍጮ ቤቱ ግንብ ሥር ነው የሚያድረው። ሰው ሲጠጋው ይሸሻል። እንደ ሻምበል ቀስ እያልኩ ላስለምደው። መጀመሪያ ግን ባጃጇን ራቅ አድርጌ አቆማለሁ።